የተሳቢ መብራት ሲፈዝ፦ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ

«አቦ፣ ሦስት ጊዜ አምፖል ቀየርኩ፤ ያው ነው!» ያሉኝ ከጅቡቲ ገብተው ድሬዳዋ ያደሩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሾፌር ናቸው። ዞሬ ተሳቢያቸውን አየሁት። የኋላ መብራቱ በርቷል አይባል፣ ጠፍቷል አይባል፤ አመድ የለበሰ ፍም ይመስላል። ረዳታቸው ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ ማንም ያልነካቸው ፍሬቻዎች ጭል ጭል አሉ። «ጋሼ፣ አምፖሉ ምንም አላጠፋም» አልኳቸው። ጥፋተኛዋ የማሳው ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው የሚመልሰው ሽቦ፣ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ቀለበት ነበረች። ተሳቢው ለቦሎ ሲዘጋጅ ሻሲው ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለበቷን ፈትተው፣ ቀብተው፣ በቀለሙ ላይ መልሰው አሰሯት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ለሦስት ዙር አምፖል የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

የፈዘዘ የተሳቢ መብራት ሲመጣልኝ ከአምፖል የማልጀምረው ለዚህ ነው። በእኛ መስመር ደግሞ ምክንያቱ ድርብ ነው። ተሳቢው ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ጨዋማውንና እርጥቡን አየር ይጠጣል፤ ከደወሌ ወዲህ በአይሻ ሜዳ አቧራ ይለብሳል፤ ድሬ ሲደርስ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ጨው፣ አቧራና ሙቀት ከመዳብ ጋር አይስማሙም። ጣጣው የሚታየው ግን ማታ፣ ከሐረር መልስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርዱ ነው። እግራችሁ ፍሬን ላይ ነው፤ ከኋላችሁ ሰው የሞላ ሚኒባስ ተጠግቷል፤ የእናንተ ፍሬን መብራት ግን ከኋላ መብራቱ ተለይቶ አይታይም።

ነገሩ ለምን ይፈዛል?

ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ አይሠራም። መሄጃው ብዙ ነው፦ ለግራ ፍሬቻ አንድ ሽቦ፣ ለቀኝ አንድ፣ ለፍሬን አንድ፣ ለኋላ መብራት በየጎኑ አንድ አንድ። መመለሻው ግን አንድ ነው፤ ማሳው። አንድ ባለ 24 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አንድ አምፔር እንኳ የማይሞላ ይጎትታል፤ 0.9 ገደማ ነው። ሁለቱ ፍሬን፣ አንዱ ፍሬቻ፣ የኋላና የጎን መብራቶቹ ሁሉ ሲደመሩ ግን አምስት አምፔር ገደማ በዚያች በአንዲቷ መመለሻ ያልፋል። መገናኛዋ ላይ አንድ ኦም የምታህል ዝገት ብትኖር አምስት ቮልት ገደማ ትበላለች።

ባለ ክር አምፖል ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት አይምርም። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ቮልቱ በ20 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። መብራቱ «ትንሽ ፈዘዘ» ስትሉ መስመሩ ላይ የሚባክነው ትንሽ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቦቴ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ነዳጅ የጫነ ብቻ ሳይሆን ባዶውም ቦቴ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። ቦቴ ላይ እዚህ የማወራውን የሽቦ ሙከራ አታድርጉ፤ ታጥቦ ከጋዝ ነጻ ወደሚደረግበት ቦታ ይሂድ።

ሌላውን ተሳቢ ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ሰዓቱንም ምረጡ። የድሬ ቀትር ፀሐይ ደኅናውን መብራት ሁሉ የፈዘዘ ያስመስለዋል፤ ብረቱም እጅ ይልጣል። እኔ ይህን ሥራ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው የምወደው። የጎደለ ዕቃ ካለ ግን በጠዋት ግዙ፤ ከቀትር በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የ13 ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ቫዝሊን። ሁለት ነገር ግን ራሳችሁ ሥሩ። አንደኛው ከመኪናው ባትሪ እስከ ተሳቢው ጫፍ የሚደርስ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነና ሁለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ ነው። ሁለተኛው ባለ 24 ቮልት፣ 21 ዋት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ በመበየድ የሚሠራ መፈተሻ ነው። የሁለተኛውን ጥቅም ሰው ስለሚንቀው ላስረዳ። ቴስተር ብቻውን ሲለካ ምንም ጭነት አይጎትትም። ከውስጥ ዝጎ በጭንቅ የሚነካካ ሽቦ ላይ ብታስቀምጡት 24 ቮልት ያሳያችኋል፤ «ኤሌክትሪክ አለ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ባለ 21 ዋቱ አምፖል ግን እዚያ ሽቦ ላይ አይበራም ወይም ይፈዛል። ቮልት የሚለካው መብራቱ እየበራ ነው። ሳይጫን የተለካ ቮልት ይዋሻል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በአዳዲሶቹ መኪኖች መብራቱን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። መፈተሻ አምፖሉን ከተሳቢው ወገን ብቻ ተጠቀሙበት፤ ጋቢና ውስጥ ያለ ሳጥን ላይ አትሰኩት። የኤቢኤስን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀውን የፍሬን ሥርዓት) ኬብልም አትንኩ፤ እሱ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

አንደኛ፦ አትንኩ፣ ተመልከቱ

ሞተሩን አስነሡ፤ ረዳት ጋቢና ይግባ፤ እናንተ ከኋላ ቁሙ። መጀመሪያ የኋላ መብራት ብቻ፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ። እያንዳንዱ ሲጨመር የሌሎቹን ሁኔታ ልብ በሉ። ይህ አምስት ደቂቃ የግማሽ ቀን መፈታታት ያስቀራል።

ሁሉም በየተራ ሲበሩ ደኅና ሆነው አንድ ላይ ሲበሩ ከፈዘዙ፣ ወይም ፍሬቻው ጥቅስ ባለ ቁጥር የኋላ መብራቱ አብሮ ከጠቀሰ፣ ማሳ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ያልተነካ ፍሬቻ ጭል ካለም ማሳ ነው። ተመላሽ መንገድ ያጣው ኤሌክትሪክ በጠፋው ፍሬቻ ክር ውስጥ ተሹለክልኮ፣ በፍሬቻው ሽቦ ወደ ፊት ተመልሶ፣ በመኪናው ፍሬቻ በኩል ማሳ እየፈለገ ነው። ሁለት አምፖል ተራ በተራ ስላለፈ ሁለቱም ይነቃሉ እንጂ አይበሩም። አንዳንዱ ሾፌር ይህን ሲያይ «ሽቦ ተጋጭቷል» ብሎ ገመዱን በሙሉ ያስቀይራል።

አንድ ጎን ብቻ ከፈዘዘ የዚያ ጎን ሽቦ ወይም የስፒናው (የተሳቢውን ኬብል ከመኪናው የሚያገናኘው መሰኪያ) ጥርስ ነው። አንድ መብራት ብቻ ከሆነ እዚያው መብራቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ ታች ወርዳችሁ አምስተኛውን አንብቡ። የመኪናውም የፊት መብራት ጭምር ከፈዘዘ ተሳቢውን ተዉት፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ27 እስከ 28.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ 24 ላይ ከተኛ ዲናሞው እየሞላ አይደለም።

ሁለተኛ፦ የሁለት ደቂቃው ሙከራ

ያን ረጅም ሽቦ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያዙት። ሁሉም መብራት እንደበራ ሌላውን ጫፍ የኋላ መብራቱ ማሳ ላይ አስነኩት። መብራቱ ቦግ ካለ ፍርዱ ተሰጠ፤ ማሳ ነው። ካልተለወጠ ችግሩ መሄጃው ላይ ነው።

ቦግ ካለ ቀጥሉ፤ ያንኑ ጫፍ መብራቱ አጠገብ ያለ፣ እስኪያበራ የተፋቀ ሻሲ ላይ አስነኩት። አሁንም ቦግ ካለ ከመብራቱ እስከ ሻሲው ያለው ደኅና ነው፤ የተበላሸው ከሻሲው ወደ መኪናው የሚመለሰው ነው፤ ማለትም ስፒናው፣ ኬብሉ ወይም ፊት ለፊት ያለው የማሳ ቀለበት። ካልተለወጠ ግን ከመብራቱ ወደ ሻሲው የምትሄደው አጭር ሽቦ ናት። «ተሳቢው በብረት ተያይዞ የለ እንዴ፣ ማሳው በዚያ ይመጣል» የሚል አይጠፋም። መጎተቻው ላይ ያለው ግራሶ፣ ዝገትና አቧራ ነው፤ ስትጓዙ ይነካል፣ ይለቃል። መብራቱ ጉድጓድ ላይ ብቻ ደኅና የሚሆንበት ተሳቢ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ተአምር አድርጎት ነበር።

ሦስተኛ፦ ስፒናውና ሶኬቱ

አብዛኛው ተሳቢ ላይ ባለ ሰባት ቀዳዳው ነው ያለው። በ24 ቮልት ደንቡ፣ አይኤስኦ 1185 በሚባለው፣ አንድ ቁጥር ማሳ ነው፣ ነጭ ሽቦ፤ ሁለት የግራ የኋላ መብራት፣ ጥቁር፤ ሦስት ግራ ፍሬቻ፣ ቢጫ፤ አራት ፍሬን፣ ቀይ፤ አምስት ቀኝ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ፤ ስድስት የቀኝ የኋላ መብራት፣ ቡናማ፤ ሰባት ሰማያዊ። ቁጥሮቹ ስፒናው ውስጥ በጥቃቅኑ ተጽፈዋል። ቁጥሩን እመኑ፤ ቀለሙን ግን አትመኑ። አሥር እጅ የነካው ተሳቢ ላይ ማሳው ቀይ፣ ፍሬኑ ጥቁር ሆኖ አግኝቻለሁ። ፒክአፕ ኋላ የሚሳበው ትንሽ ተሳቢ ደግሞ የ12 ቮልት ነው፤ የቁጥሩ አሰላለፍም ሌላ ነው፤ እዚያ ማሳው ሦስት ቁጥር ላይ ነው።

መብራቱን አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ። አፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ደኅና ጥርስ የመዳብ ወይም የነሐስ ቀለም አለው። አረንጓዴ ዱቄት ወይም ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ጅቡቲ አብራችሁ መጥታለች። በብርጭቆ ወረቀት ጥቅልል ሶኬቱን ከውስጥ፣ ጥርሱን ከውጭ ፈግፍጉ፤ ቤንዚን አትጠቀሙ። ጥርሶቹ መሐላቸው የተሰነጠቀ ነው፤ ከብዙ መሰካት ስንጥቁ ይገጥምና ጥርሱ ይላላል። የቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ አስገብታችሁ ፀጉር ያህል ብቻ ክፈቱት። ከበዛ ይሰበራል።

ከዚያ ሁለቱንም ከኋላ ፈትታችሁ ውስጡን እዩ፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሽቦዎቹን የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች በመንገዱ ንቅናቄ ይላላሉ፤ እያንዳንዱን አጥብቁ። ሽቦው ጠቁሮ ከተገኘ ጥቁሩን ቆርጣችሁ አዲስ አንጸባራቂ መዳብ እስክታገኙ ላጡ። የላስቲኩ ቀለም ተለውጦ ወይም ለስልሶ ካገኛችሁ እዚያ ላይ ሙቀት ነበረ፤ ሙቀት ያለው የመገናኛ ችግር ባለበት ነው።

ጥምዝምዙን ኬብልም አትርሱት። ከውጭ ደኅና መስሎ ከስፒናው አንገት አጠገብ ውስጡ ይበጠሳል፣ እጥፉ እዚያ ነውና። መብራቱ በርቶ አንገቱን ወዲያ ወዲህ አድርጉት፤ ብርሃኑ ከተወዛወዘ ኬብሉ አልቋል። ናስትሮ አያድነውም።

አራተኛ፦ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ በቁጥር

ሁሉንም መብራት አብሩ። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጉ። ባትሪው ላይ ለኩና ጻፉ፤ ከዚያ አምፖሉ ሁለት ጫፍ ላይ ለኩና ጻፉ። ልዩነቱ በመንገድ የቀረው ነው። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በረጅሙ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኙና ሌላውን አምፖሉ ማሳ ላይ አድርጉ፤ የሚታየው ቁጥር ማሳው ብቻውን የበላው ነው። የቀረው የመሄጃው ድርሻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳኋቸው ሾፌር ተሳቢ እንዲህ ነበር፦ ባትሪ 27.4፣ አምፖል 20.3፤ የጠፋው 7.1። ከዚህ ውስጥ ማሳው 6.2፣ መሄጃው 0.9። 0.9 ለዚያ ርዝመት የሚታገሥ ነው፤ 6.2 ግን ዘረፋ ነው። እኔ ማሳው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካየሁ አላልፈውም፤ በጠቅላላው ከአንድ ተኩል በላይ ካየሁም እንዲሁ።

ቦታውን ለመያዝ መንገዱን ከሁለት ክፈሉት። ተሳቢው ወገብ ላይ ለኩ፤ ቁጥሩ እዚያም ትልቅ ከሆነ ችግሩ ከወገብ ወደ ፊት ነው፤ ትንሽ ከሆነ ወደ ኋላ። ደግሞ ክፈሉ። ሦስት አራት ጊዜ ስትከፍሉ ቁጥሩ በአንዲት መገናኛ ግራና ቀኝ በድንገት ሲዘል ታገኙታላችሁ። ስትለኩ ግን ሽቦውን በመርፌ አትውጉት። የወጋችሁባት ቀዳዳ ጅቡቲ ላይ እርጥበት ትጠጣለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሽቦው ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ወደ እኔ ትመለሳላችሁ።

የማሳውን ቀለበት ስታገኙ ብሎኑን ፍቱ፤ ቀለበቱንም ሻሲውንም ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቁ፤ የዛገ ብሎንና ዳዶ በአዲስ ለውጡ። እሰሩት፣ አጥብቁት፣ ከዚያ ቀለም ወይም ግራሶ ከላይ አልብሱት። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ዕለት የዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያለው ታሪክ ይደገማል። እኔ ሻሲውን ብቻ አምኜ አልተውም፤ ከስፒናው አንድ ቁጥር ጀምሮ እስከ ኋላ መብራቶቹ ድረስ የራሱ የ2.5 ማሳ ሽቦ እዘረጋለሁ። የሽቦው ዋጋ ከአንድ ቀን መቆም ይረክሳል።

መሄጃው ላይ ብዙ ከጠፋ ሽቦው ቀጥኗል ማለት ነው፤ ወይም ጭነቱ በዝቷል። 15 ሜትር የሆነ የ1 ካሬ ሽቦ 0.26 ኦም ገደማ አለው፤ የ2.5ቱ 0.1 ገደማ ብቻ። እዚህ ላይ ስለ ጌጥ መብራት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በየጎኑ አረንጓዴና ሰማያዊ የተደረደረበት ተሳቢ ማታ ሲመጣ የሠርግ ቤት ያምራል፤ ነገር ግን ሁሉም የተቀጠለው ከኋላ መብራቱ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ጌጡን ካላስወገዳችሁ ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ የራሱን መስመር ስጡት።

አምስተኛ፦ አንዱ መብራት ብቻ ሲፈዝ

አሁን አምፖሉን አውጡ። አንገቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ የከባድ መኪና 24 ቮልት፣ ለፍሬንና ለፍሬቻ 21 ዋት፣ ለኋላ መብራት 5 ዋት። የ24ቱ አምፖል 12 ቮልት ያለው ፒክአፕ ላይ ቢገባ ይበራል፣ ግን ፍም ነው፤ የ12ቱ 24 ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል። ታይዋን ሠፈር ገብታችሁ በችኮላ ስትገዙ ሁለቱ ዐይን ላይ አንድ ናቸው።

ሁለት ክር ያለው ባለ 21/5 ዋት አምፖል ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ጎንና ጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። ረዳቱ በጉልበት ካስገባው ግን ይገባል፤ ያኔ የኋላ መብራቱ ደምቆ፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ብዙ አይጨምርም። ማንም ማሳ የሚጠረጥርበት ነገር የለም፤ አውጥታችሁ አዙራችሁ መልሱት።

ብርጭቆው ከውስጥ ጠቁሮ ከሆነ ጣሉት። የአምፖሉ ቤት ዝጎ ከሆነ በብሩሽ ፋቁት፤ ታችኛዋ ስፕሪንግ ካልገፋች ቤቱን ለውጡ። ከዚያም ቀዩን ክዳን እጠቡ፤ አትሳቁ፣ የአይሻ አቧራ ከውስጥ በኩል ሽፋን ሠርቶ ግማሽ ብርሃን ይውጣል። ኤልኢዲ የገጠማችሁም ብትሆኑ ማሳው ያው ነው፤ እንዲያውም ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበቃው፣ የተሹለከለከው ብቻ ጭል ያደርገውና ጠፍቶ እያለ የበራ ይመስላል።

ስትጨርሱ

የጠገናችሁትን መገናኛ ሁሉ በብየዳ ወይም በደንብ በተጨመቀ ማገናኛ ዝጉት፤ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል በድሬ ሙቀት አይበረክትም፤ ማጣበቂያው ቀልጦ ይፈታል። የስፒናው ጥርሶች ላይ ቫዝሊን በስሱ ቀቡ። ተሳቢው ተፈትቶ ሲቆም ስፒናው መሬት ላይ አይጋደም፤ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ዝናብም አቧራም እንዳይገባበት።

ሲመሽ እንደገና ሁሉንም አብሩና ሃያ ርምጃ ያህል ርቃችሁ እዩ፤ ፍሬኑ ከኋላ መብራቱ በግልጽ መለየት አለበት። ቁጥሩንም ደግማችሁ ለኩና ጋቢና ውስጥ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከምን ተነስቶ የት እንደወረደ ታውቃላችሁ። የጅቡቲ አንድ ምልልስ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ሌሊት ተጉዛችሁ ፀሐይ ሳትወጣ ስትቆሙ፣ ብረቱ ገና ሳይግል፣ ስፒናውን በእጃችሁ ጨብጡት። እንደ ሌላው ብረት ቀዝቃዛ ከሆነ ደኅና ነው። እሱ ብቻውን ሞቆ ካገኛችሁት ወደ ሦስተኛው ተመለሱ።